ፍሬዶካ፣ ሦስት ታፔላ እና አንድ የተደፈነ ቀለበት

አዳማ ውስጥ ታፔላ እሠራለሁ። ሙያውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። እሱ በቆርቆሮ ላይ በዘይት ቀለምና በብሩሽ ይጽፍ ነበር፤ እኔ በኮምፒውተር ሥዬ ለመቁረጫ ማሽን እሰጣለሁ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከእጄ ያልተለየው የላቲን ፎንት ፍሬዶካ ይባላል። ወፍራም ነው፣ ድቡልቡል ነው፣ አንዲትም የሾለች ጫፍ የለችበትም። ሕፃናት በሚውሉበት፣ ጣፋጭ በሚሸጥበት፣ ሰው ፊቱ ፈታ ብሎ እንዲገባ በሚፈለግበት በር ሁሉ ላይ ሰቅየዋለሁ። ሦስት ታፔላዎችን ምስክር አድርጌ ስለ እሱ የማውቀውን ልናገር። ይህ ፎንት እጅግ ያስደስተኛል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አጥፍቼበታለሁ፤ ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ላይ እንዳያጠፋ እፈልጋለሁ።

በቅድሚያ ስለ ትውልዱ። ፍሬዶካ መጀመሪያ «ፍሬዶካ ዋን» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2011 የተሠራ የሚሌና ብራንዳኦ ሥራ ነው። ያን ጊዜ አንድ ውፍረት ብቻ ነበረው። ቆይቶ ቤን ናታን የዕብራይስጥ ፊደላትን ጨመረበት፤ ፎንቱም አድጎ ዛሬ ከጎግል ፎንትስ በነጻ የሚወርደው ፍሬዶካ ሆነ። የአሁኑ ውፍረቱ በፎንት ሠሪዎች መለኪያ (ሚሊ ሜትር አይደለም) ከ300 እስከ 700 ይሄዳል፤ ስፋቱ ደግሞ ከ75 እስከ 125። 100 የተለመደው ስፋት ነው። 75 ላይ ያው ፊደል ትከሻውን ሰብስቦ ይቆማል፤ 125 ላይ ክንዱን ዘርግቶ ይቀመጣል። ቁመቱ አይለወጥም።

ለታፔላ ሠሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ በፊት ረጅም ስም ሲመጣብን ፊደሉን ከጎን ጨፍልቀን ነበር የምናስገባው። ሲጨፈለቅ ቋሚው መስመር ይሰልላል፣ አግዳሚው ባለበት ይቀራል፣ ፊደሉ ከሕመም የተነሣ ሰው ይመስላል። ፍሬዶካ ሲጠብ ግን ጤናው አይጓደልም፤ የሠሩት ሰዎች ጠባቡንም ሰፊውንም አስቀድመው አስበውበታልና የመስመሩ ውፍረት እንደተመጣጠነ ይጠባል።

ድቡልቡልነቱን የምወደው ለውበቱ ብቻ አይደለም። ፊደል የምናስቆርጥበት ማሽን የሚሠራው በሚሽከረከር ክብ ብረት ነው። ክብ ብረት የሾለ የውስጥ ማዕዘን ማውጣት አይችልም፤ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ የራሱን ስፋት ግማሽ ያህል ክብ አድርጎ ይተወዋል። ስለዚህ ሹል ፊደል በሰጠነው ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ የተሣለውና ከማሽኑ የወጣው አይገጥሙም፤ በሞረድ መቀመጥ፣ በእጅ ማስተካከል አለ። ፍሬዶካ ከማሽኑ ጠባይ ጋር የተስማማ ስለሆነ እንደተሣለ ይወጣል። ቀለሙም ይበረክታል። ሹል ጠርዝ ላይ ቀለም ይሳሳል፤ ፀሐይና ዝናብም መጀመሪያ የሚልጡት እሱን ነው። ሁለት ክረምት ያለፈበት የፍሬዶካ ታፔላ አለኝ፤ ጫፎቹ እስካሁን አልተላጡም።

ያ ታፔላ ከመናኸሪያው አቅራቢያ ላለ ጭማቂ ቤት የሠራሁት ነው፤ የመጀመሪያዬ። ባለቤቱ ገና ወጣት ነው። «እትዬ፣ በባጃጅ የሚያልፍ ሰው ሳይወርድ ማንጎ እንዲያምረው አድርገው ይሥሩልኝ» አለኝ። የሱቁን ስም በእንግሊዝኛ፣ በ700 ውፍረት፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ጻፍኩት። ሥራዬን ከመቁረጤ በፊት የምፈትንበት መንገድ አለኝ፤ በወረቀት አትሜ ከአስፋልቱ ማዶ ግድግዳ ላይ እለጥፍና ቆሞ ሰው የሚጠብቅ ባጃጅ ነጂ ጠርቼ «እስኪ አንብብልኝ» እለዋለሁ። ሦስት ነጂዎች ሳያቅማሙ አነበቡት። አንደኛው እንዲያውም አንብቦ ሲያበቃ ዋጋውን ጠየቀኝ።

ወጣቱ ደስ ስላለው የዋጋ ዝርዝሩንም በዚያው ፎንት እንድጽፍለት ጠየቀ። እዚያ ላይ ፍሬዶካ አልሆነልንም። የአቮካዶው፣ የፓፓያው፣ የስፕሪሱ ዋጋ አንድ ሴንቲ ሜትር ቁመት ባላቸው ወፍራም ፊደላት ተደርድሮ ሲታይ ሁሉም መስመር በአንድ ድምፅ ይጮኻል፤ ዓይን የሚያርፍበት የለም። ውፍረቱን ወደ 400 ዝቅ አደረግኩት። ተሻለ፤ ጥሩ ግን አልሆነም። ለዝርዝሩ ሌላ ረጋ ያለ ፎንት ወሰድኩ። ፍሬዶካ ከሩቅ ለመጥራት የተፈጠረ ነው፤ አጠገብ ተቀምጦ ለመጨዋወት አይመችም። ሁለትና ሦስት ቃል ስጡት፣ ትልቅ ቦታ ስጡት፤ ከዚያ በላይ አትጫኑት።

በዚያ ታፔላ ላይ አማርኛው ከሥር በትንሹ ነበር። በሌላ ፎንት ጻፍኩት፤ ማንም ምንም አላለም። እኔም አላልኩም።

ሁለተኛው ታፔላ የመዋዕለ ሕፃናት ነው። መሥራቿ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። በእኛ ከተማ ታፔላ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቋንቋ ነው የሚጻፈው፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ። እማማ ሦስቱም አንድ መልክ እንዲኖራቸው ፈለጉ። «ልጄ፣ አንዱ የአብራክ ልጅ፣ ሌላው የእንጀራ ልጅ እንዳይመስል» አሉኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ።

የአፋን ኦሮሞው መስመር የሚያስደስት ሥራ ነበር። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ በፍሬዶካ ውስጥ የሚጎድለው አንድም ፊደል የለም። እንዲያውም ይህ ፎንትና ቁቤ የተዋደዱ ናቸው ባይ ነኝ። በቁቤ ረጅም አናባቢ ሲመጣ ፊደሉ ይደገማልና «መነ በሩምሳ» ተብሎ ሲጻፍ በቃሉ መጨረሻ ሁለት ድቡልቡል ፊደላት እንደ መንታ ልጆች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ሕፃናት የሚለው ቃል ውስጥ ያለችው ሁዻ፣ ያቺ ከላይ የምትቀመጥ ትንሽ ምልክት፣ በግራና በቀኟ ካሉት ወፍራም ፊደላት መካከል ተጨንቃ ስለታየችኝ በሁለቱም በኩል ጥቂት ቦታ ከፈትኩላት። ስሙ ረጅም ነበር፤ ስፋቱን 85 ላይ አድርጌ በሦስት ሜትር ሰሌዳ ውስጥ አስገባሁት። እንግሊዝኛው አጭር ስለነበረ በ110 ዘረጋሁት። ላይኛውና ታችኛው መስመር ግራና ቀኝ እኩል ሆነው ገጠሙ። ፎንቱን ለሠሩት ሰዎች ያን ዕለት ከልቤ ምርቃት ላክሁ።

ከዚያ አማርኛው መጣ።

ፍሬዶካ ውስጥ አንድም የግእዝ ፊደል የለም። ኮምፒውተር ላይ ፍሬዶካን መርጣችሁ «ትምህርት ቤት» ብላችሁ ብትጽፉ የሚወጣላችሁ የፍሬዶካ ፊደል አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ባዶ ሳጥን ላለማሳየት ሲል ከራሱ ጓዳ ኒያላን ወይም ኤብሪማን ወይም ሌላ ያለውን አምጥቶ ይተካላችኋል። ከላይ የፎንቱ ስም የሚጻፍበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ «ፍሬዶካ» እንዳለ ይቆያል። ጀማሪ ሠሪዎች በዚህ ይሳሳታሉ። ላቲኑ ወፍራምና ደስተኛ፣ አማርኛው ቀጭንና ኮስማና የሆነበትን ታፔላ በየመንገዱ ስታዩ ሠሪው አማርኛውን ንቆ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት። መሣሪያው ያቀበለውን ነው የሰቀለው።

እኔ ግን ለእማማ ቃል ገብቻለሁ። የእንጀራ ልጅ አይኖርም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለግሁ።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ነጻ ፎንት ከ100 እስከ 900 የሚደርስ ውፍረት አለው። ወፍራሙን 900 ብወስድ ጫፎቹ በመቀስ የተቆረጡ ስለሚመስሉ ከፍሬዶካ ጋር አይዛመድም። በተቃራኒው ቀጭኑን፣ 100ውን ወሰድኩ። ኢንክስኬፕ በሚባለው ፕሮግራም ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ለወጥኩት፤ ከዚያ ዙሪያውን 24 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስመር አለበስኩትና የመስመሩ መገጣጠሚያ ክብ እንዲሆን አደረግኩ። ቀጭኑ ፊደል አጥንት፣ መስመሩ ሥጋ ሆነ። ሥጋው ክብ ስለሆነ ጫፉ ሁሉ ተድቦለቦለ። ኮምፒውተሩ ላይ ሳየው ፍሬዶካ አማርኛ የተማረ መሰለኝ። ሀ እንደ ሸክላ ጀበና ሆድ ሞላ ብሎ ተቀመጠ። ዐ እንደ ሙሉ ዳቦ ሆነ። ወ ሁለት ጉንጮቹን ነፍቶ የሚስቅ ሕፃን መሰለ። የእኛ ፊደል ውስጥ እንዲህ ያለ ክብነት እንዳለ አውቅ ነበር፤ በዚያ ውፍረት ግን አይቼው አላውቅም ነበር። አመሻሽ ላይ ሱቁን ዘግቼ መሄድ አቅቶኝ ስሜን፣ የልጆቼን ስም፣ የወራቱን ስም ሁሉ እየጻፍኩ ሳይ ቆየሁ።

ፊደሉን በ18 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ ባለ 10 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ እንዲቆረጥ ፋይሉን አስረከብኩ። ተቆረጠ፣ ተቀባ፣ ተሰቀለ። እማማ መረቁኝ። ወላጆች ከሥሩ ፎቶ ተነሡ። ባጃጅ ነጂዎች በወረቀትም ሆነ ከተሰቀለ በኋላ ያለ ችግር አነበቡት።

በሦስተኛው ሳምንት እማማ ደወሉ። «ልጄ፣ ነይና አንድ ነገር ስሚ» አሉኝ። ሄድኩ። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ከታፔላው ሥር አቁመው «አንብቢ የእኔ እመቤት» አሏት። ልጅቷ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ፣ እንዳስተማሯት፣ ፊደል በፊደል አነበበች፦ «ት… ም… ህ… ር… ት። ቢ… ት።»

እማማ «እንደገና» አሏት። እንደገናም «ቢት» አለች። ቀና ብዬ አየሁ። ልጅቷ ልክ ነበረች። የ«ቤ» ቀለበት ተደፍኖ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ያለበስኩት 24 ሚሊ ሜትር መስመር ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ በፊደሉ ውስጥ ያለ ቀዳዳ ሁሉ ከአንዱ ጠርዝ 12፣ ከሌላው ጠርዝ 12 ሚሊ ሜትር ይቀነስበታል። የቤ ቀለበት በአጥንቱ ላይ ሳለ ቀዳዳው 29 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር፤ ሥጋ ሲለብስ 5 ቀረ። ኮምፒውተሩ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ጎልቶ ይታያል፤ አጉልቼ ነበራ የማየው። የማሽኑ መቁረጫ ብረት ግን 6 ሚሊ ሜትር ነው። ብረቱ የማይገባበትን ቀዳዳ ማሽኑ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ አያስጠነቅቅም። ከማሽኑ የወጣው ቤ ከእግሩ ሥር ቀለበት ሳይሆን ድፍን ኳስ ይዞ ወጣ። ልጅቷ ደግሞ ከእግር ሥር ድፍን ነገር ያለው ፊደል ቢ መሆኑን ተምራለች። ጥፋቱ የማሽኑም፣ የቆራጩም አይደለም። የቀዳዳውን ስፋት መለካት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንት ትልቅ ሰው ያንን ታፔላ አነበበው? ወላጁ፣ መምህሩ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ደብዳቤ አመላላሹ፣ እኔው ራሴ። ማንም አላየም። ትልቅ ሰው የሚያነበው ቃል ነው፤ «ትምህርት» ካለ «ቤት» እንደሚከተል ያውቃልና ዓይኑ ሳይደርስ ልቡ ይሞላዋል። ልጅ የሚያነበው ፊደል ነው። የተጻፈለትን እንጂ ሊጻፍለት የታሰበውን አያይም። ይህ ሁሉ ወፍራምና ድቡልቡል ተጫዋች ፊደል ደግሞ የሚሣለው ለማን ነው? ለልጅ ነው። የመዋዕለ ሕፃናት በር ላይ፣ የመጀመሪያ የንባብ መጽሐፍ ሽፋን ላይ፣ የልደት ባነር ላይ፣ የልጆች ልብስ ላይ የምንጽፈው እሱን ነው። እንግዲህ ይህን ዓይነት ፎንት መመዘን ያለብን በባጃጅ ነጂ ዓይን ብቻ አይደለም። የእኔ ፈተና ጎዶሎ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም የልጆች ሥራ ከመቁረጤ በፊት ፊደል ቆጥሮ ገና ማንበብ ለጀመረ ልጅ አሳያለሁ።

ላቲን ይህ ችግር በዚህ መጠን የለበትም። በላቲን አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ነው፤ ከጎኑ ያለው ተነባቢ የቱንም ያህል ቢወፍር አናባቢው የራሱ ወንበር አለው። ዕብራይስጥ 22 ፊደላት አሉት፤ አናባቢው ሲጻፍ በነጥብና በጭረት ከፊደሉ ውጭ ይቀመጣል። የእኛ 33 ፊደል በ7 ቤት ተባዝቶ 231 ይሆናል፤ አናባቢው የሚኖረውም በፊደሉ አካል ላይ ነው። ሣልሱ ቢ፣ ሲ፣ ኪ፣ ሊ በቀኝ እግር ሥር ጭረት ይይዛል። ኃምሱ ቤ፣ ሴ፣ ኬ፣ ሌ እዚያው ቦታ ላይ ቀለበት ይይዛል። በጭረትና በቀለበት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቀዳዳ ነው። በአምስተኛው ቤት አናባቢው ራሱ ቀዳዳው ነው ማለት ይቻላል። ቀዳዳው ሲደፈን ድምፁ ይለወጣል፤ ሴት ሲት ትሆናለች፣ ኬክ ኪክ ይሆናል።

አባቴ ይህን ያውቅ ነበር። በወፍራም ብሩሽ ሲጽፍ የኃምስን ቀለበት ከልኩ አስበልጦ ነበር የሚሥለው። ልጅ ሆኜ ቀለም ስበጠብጥለት «አባዬ፣ ይቺ ቀለበት አልበዛችም?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ቀለበቷን አትንፈጊያት» አለኝ። «ቀለሙ ሲፈስ ትጠባለች፣ አቧራ ሲቀመጥባት ትጠባለች፣ ከሩቅ ሲያይዋት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ትጠባለች።» ስለ ቀለምና ስለ አቧራ ብቻ የሚናገር መስሎኝ ነበር። እሱ የሠራቸው የቆርቆሮ ታፔላዎች ጥቂቶቹ ዛሬም በከተማው አሉ፤ ያን ሰሞን እየዞርኩ ፎቶ አነሣኋቸው። ቀለማቸው ገርጥቷል፤ አንድም የተደፈነ ቀለበት ግን አላገኘሁባቸውም።

የእማማን ታፔላ በራሴ ወጪ አስተካከልኩ። ቤን ብቻ እንደገና ሥዬ፣ ቀለበቷን በአጥንቱ ላይ 38 ሚሊ ሜትር አድርጌ፣ ሥጋ ስትለብስ 14 እንዲተርፋት አስቆረጥኩ። በዚያው ሳምንት ተሰቀለች።

ሦስተኛው ታፔላ የኬክ ቤት ነው። «ኬክ ቤት» የሚለው ስም ሁለት ኃምስ እንዳለው ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው፤ ለፈተና የተሰጠኝ ይመስል። በዚህ ሥራ ላይ ያገኘሁት ነገር ለሙያ ጓደኞቼ ሁሉ ይጠቅማል። እስከዚያ ድረስ አማርኛውን ጎትቼ የፍሬዶካን 700 ውፍረት እንዲያክል ነበር የምደክመው። ጥያቄውን ገለበጥኩት፤ አማርኛው ቀለበቱ ሳይደፈን ሊሸከም የሚችለው ውፍረት ምን ያህል ነው? እሱን አስቀድሜ ወሰንኩ። በ18 ሴንቲ ሜትር ቁመት የፊደሉ እግር ጠቅላላ ውፍረት ከ22 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቀለበቱ ሳይጨነቅ ይተነፍሳል። ከዚያ ላቲኑን ወደ አማርኛው አመጣሁት። ፍሬዶካ ከ300 እስከ 700 ባለው መካከል የፈለጉት ቦታ ላይ ይቆማል፤ 600 አካባቢ ላይ ሁለቱ እግሮች በዓይን እኩል ሆኑ። ትንሽ ቀጭን ሆነ፣ ግን ጨዋታው አልጠፋበትም። ላቲኑ ለአማርኛው ሲል ጥቂት ቀበቶውን ያጠበቀበት ታፔላ ከዚያ በፊት ሠርቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሥጋ የለበሱ ፊደላት እርስ በርስ ይጠጋጋሉ። 20 ሚሊ ሜትር መስመር ካለበሳችሁ በፊደላቱ መካከል ያለው ክፍተት በዚያው 20 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። መጀመሪያ ፊደላቱን አራርቁ፣ ከዚያ አልብሱ። የኬንና የቤን ቀለበት አንድ ዓይነት ለማድረግ አንዷን አሳምሬ ሥዬ ሌላዋን ከእሷ ገለበጥኩ። የኬክ ቤቱ ባለቤት ልጅ አንደኛ ክፍል ነው፤ ወረቀቱን ይዤ ሄጄ አስነበብኩት። «ኬክ ቤት» ብሎ አነበበ፤ ከዚያም ወደ መስታወቱ ሮጠ።

ፍሬዶካን የማልሰጣቸው ሥራዎች አሉ። የሕክምና፣ የሕግ ጉዳይ፣ የሐዘን ማስታወቂያ በዚህ ፊደል አይጻፍም። አንድ መድኃኒት ቤት ልጆች እንዳይፈሩ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ የበሩን ስም ጻፍኩለት፤ የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያውን ግን በዚህ ፎንት አልጽፍም አልኩት፤ ተስማማ። ለላቲን ሥራ፣ በትልቁ፣ በጥቂት ቃል፣ ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ። ለአማርኛ ግን ገና ጅምር ነው። ያለ ጥርጥር የሚሆን ነገር ነው ብዬም አምናለሁ። በሕንድ ኤክ ታይፕ የሚባሉ የፎንት ሠሪዎች ባሉ የሚባል ወፍራምና ድቡልቡል ፎንት ለዘጠኝ የሕንድ ጽሕፈቶች ሠርተዋል። ከእነዚያ መካከል የማላያላምና የቴሉጉ ፊደላት እንደ እኛ በቀለበትና በጥምዝ የተሞሉ ናቸው። ከላቲኑ ተለጥፎ የመጣ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቀዳዳው የት ሊሰፋ፣ ጥምዙ የት ሊቀል እንደሚገባው ታስቦ ተሥሏል። ያንን ሳይ ቅናት ያዘኝ፤ መልካም ቅናት።

ፍሬዶካም ኖቶም የወጡት በኤስአይኤል የክፍት ፎንት ፈቃድ ነው። በዚህ ፈቃድ ማንም ሰው ፎንቱን ለንግድ ሥራ መጠቀም፣ መለወጥ፣ ፊደል መጨመር ይችላል፤ ፎንቱን ብቻውን መሸጥ አይፈቀድም፣ የተለወጠውም ሥራ በዚያው ፈቃድ መውጣት አለበት። በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ከኬክ ቤቱ በኋላ ማታ ማታ ልጆቼ ሲተኙ ፎንትፎርጅ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፊደሎቹን አንድ በአንድ መሣል ጀምሬያለሁ። ሥጋ በማልበስ አይደለም፤ ከባዶ፣ ቀለበቱን አስቀድሜ፣ ከዚያ በቀለበቱ ዙሪያ ፊደሉን። ከ231ዱ 64ቱን ጨርሻለሁ። ኃምሶቹን ሁሉ ወደ ፊት አምጥቼ ነው የጀመርኩት፤ እነሱ ካልሆኑ ሌላው አይሆንምና። ሲያልቅ በነጻ እለቀዋለሁ። እስከዚያ የታፔላ ሥራ ያላችሁ ሰዎች ከላይ የጻፍኩትን መለኪያ ውሰዱ፤ የቀዳዳውን ስፋት ለክታችሁ ከመቁረጫው ብረት ስፋት ጋር አስተያዩ።

ዛሬ ዌ ላይ ነኝ። ሁለት ከራሱ፣ አንድ ከቀለበቱ፣ በጠቅላላው ሦስት ቀዳዳ ያለው ፊደል ነው። ሁለቱ ተከፍተዋል።